መብራቱ ሳይመጣ

ያንን መጋዝ የጠላሁት ገና ከአይሱዙው ሳይወርድ ነው። ባለቤቴ ደምመላሽ አጋሮ ከተማ አንድ የተዘጋ የቡና መፈልፈያ ግቢ ውስጥ፣ ገለባ ተቆልሎበት አግኝቶት፣ ሙሽራ እንዳመጣ ሰው ፊቱ በርቶ ከጋቢና ወረደ። “ሸዋዬ፣ ነይ እዪው!” አለኝ። ወጥቼ አየሁት። የምግብ ጠረጴዛ የሚያህል የዛገ ብረት፣ መሃሉ ላይ ጥርሱ ያለቀ ክብ መጋዝ፣ ከሥሩ የአይጥ ጎጆ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ የጣውላ መሰንጠቂያ ነው። “ጣሊያን እንኳ የጣለውን አንተ ምን ልታደርገው ነው?” አልኩት። ሳቀ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ ሌላ አልጨመርኩም።

ጡረታ ደምመላሽን ጎድቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ማበጠሪያ ማሽን ሥር ያሳለፈ፣ ጆሮው ጩኸት የለመደ ሰው፣ በአንድ ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው አጥር ሲመለከት መዋል ጀመረ። ድስቴን እየከፈተ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ይለኛል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? የእኔው መነኩሴ የወጥ ቤቴን መደርደሪያ ነቅሎ መልሶ ተከለው፤ ከዚያም ደግሞ ነቀለው። ስለዚህ መጋዙን ብጠላውም፣ ሰውዬውን ከበረንዳው ስላስነሳልኝ በሆዴ አመስግኜዋለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር አብረው ከረሙ። በላምባ አጠበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ኩሽኔታዎቹ ከብረቱ ጋር አንድ ሆነው ተጣብቀው ስለነበር በመዶሻ አስወጥቶ አዲስ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር አስመጣ። ሞተሩን አስጠቀለለ። ክብ መጋዙን እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ሱቅ ያለው ሀምዳን ጥርስ በጥርስ ሞረደለት። እጁ ላምባ ላምባ እየሸተተ ለእራት ሲቀርብ እነጫነጭበታለሁ፤ እሱ ግን ጨው በዛ ማለቱን ትቶ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። አንድ ቀን ጠዋት ጠርቶ የማሽኑን የብረት ገበታ አሳየኝ። ከዚያ ሁሉ ዝገት ሥር ነጭ ብረት ወጥቶ ፊቴ ይታይበታል። ቆንጆ ነበር፤ ስለጠላሁት አልዋሽበትም።

ደምመላሽ ግን ሥራ ሊያልቅ ሲል ይቸኩላል። ገበታው ከኋላ በማጠፊያ የተያዘ ነው፤ ከሥሩ መጋዙን ለማጥበቅ ሲፈለግ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይነሳል። ተነስቶ እንዲቆም የሚይዘው ብረት አጋሮ ጠፍቶ ቀርቷል። “ለጊዜው” አለና የዋንዛ ቁራጭ ደገፈው። በእኛ ቤት ለጊዜው የተባለ ነገር ሁሉ አብሮን ያረጃል። ማብሪያው ደግሞ የጥንት ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ ወደ ላይ ወደ ታች አይልም። ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዞራል፤ ቀጭ ሲል ይበራል፣ ደግሞ ቀጭ ሲል ይጠፋል። የትኛው ላይ እንዳለ የምትናገር ትንሽ ጽሑፍ ነበረችው። ከግቢያችን በር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ነበርና ማሽኑን ሲቀባ ጽሑፏንም አብሮ ደፈናት።

“ጽሑፉን ምነው ቀባኸው?” ብለው፣ “ምን ችግር አለው? ሲጮህ በርቷል፣ ዝም ሲል ጠፍቷል” አለኝ። ያን ጊዜ ልክ መሰለኝ።

መብራቱ ሌላ ጣጣ አመጣ። ይህ ማሽን በየቤቱ በሚገባው መብራት አይነሳም፤ የወፍጮ መብራት ነው የሚፈልገው። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ መስመር ያላት አጥር የምንጋራት ዙህራ ናት፤ ሟች ባሏ ትቶላት የሄደው ወፍጮ ቤት አላት። ደምመላሽ ለመናት፣ እሷም ደስ ብሏት ፈቀደች፤ መስመሩ ከወፍጮ ቤቷ ሣጥን ተነስቶ በብረት ቱቦ ከመሬት ሥር እኛ ጓሮ ገባ። ደስታው የመጀመሪያውን ቀን አልዘለቀም። ሁለቱን ማሽኖች መስመሩ አንድ ላይ አይችላቸውም ነበርና፣ መጋዙ ሲነሳ ወፍጮው እህል እንደጎረሰ ቀጥ አለ። ዙህራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ “ያ ሬሳ ብረታችሁ እንጀራዬን ሊቆርጥ ነው!” አለች። እኔም አፌን አልያዝኩም፤ “ወፍጮሽ ካረጀ በእኛ አታላክኪ!” አልኳት።

ሽማግሌ ገባ። መጋዙ ዓርብ ቀን፣ ወፍጮው ለጁምዓ ሲዘጋ ብቻ እንዲሠራ ተስማሙ፤ ደምመላሽና የዙህራ የባል ወንድም ኡመይር ተጨባበጡ። ሽምግልናው ግን መጋዙንና ወፍጮውን ነው ያስታረቀው፤ እኔና ዙህራ ተኮራርፈን ቀረን። ኢድ ሲሆን እሷ ዘንድ፣ ፋሲካ ሲሆን እኔ ዘንድ ስንጠራራ የኖርን ሴቶች፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም የጫማችንን አቧራ እናያለን። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መንደሩ ወና እንደሚሆን ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንድም ያሰበ አልነበረም።

አንድ ዓርብ ደምመላሽ፣ ስንጋባ ቃል የገባልኝን ቁምሳጥን ሊሠራልኝ ጣውላ እየሰነጠቀ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ምስር እለቅማለሁ። የመጋዙ ጩኸት በድንገት ቁልቁል ወርዶ ጠፋ። መብራት ሄደ ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ጆሮዬ አረፈ። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ስሜን። አልጮኸም። ቀስ ብሎ ነው “ሸዋዬ” ያለው፤ ያን ድምፅ በትዳራችን ሙሉ ሰምቼው አላውቅም። የምስሩን ሰፌድ በትኜው ሮጥኩ።

ተንበርክኳል። የብረቱ ገበታ ወድቆ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ በታች ነክሶታል፤ እጁ ከገበታው ሥር ገብቶ አይታይም። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመጋዙ ጥርስ ክንዱ ላይ ተለጥፏል። ገና አልቆረጠውም፤ ነክቶታል፤ ቀጭን ደም በጥርሶቹ መሃል እየወረደ ነው።

“ምን ሆንክ? ምን አደረግክ?”

“መብራት ሲሄድ መጋዙን ላጥብቀው ብዬ ገበታውን አነሳሁት። ድጋፉ ሸሸ። አትጩሂ፣ መጀመሪያ ስሚኝ።”

“ማሽኑን አጥፍተኸዋል?”

ማብሪያውን ተመለከተ።

“ደምመላሽ! አጥፍተኸዋል ወይ?”

“ያጠፋሁት መሰለኝ።”

“መሰለኝ ማለት ምንድነው?”

እኔው ጠየቅኩ እንጂ መልሱን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር መብራት ሲሄድ ማጥፊያ የሚነካ ማን አለ? አምፖሉን እንደበራ ነው የምንተወው፤ ሲመጣ ራሱ ይነግረናል። ቴሌቪዥኑም ምድጃውም እንዲሁ። ደምመላሽም እንደ ማንኛችንም መብራት ሄደ ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ዞሯል። አሁን መብራቱ ሲመጣ የሚነግረን በክንዱ ነው።

“ደግሞም ሲወድቅብኝ በግራ እጄ ማብሪያውን አዙሬዋለሁ” አለ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። “አንዴ ይሁን ሁለቴ እንጃ። ደንግጬ ነበር።”

ማብሪያውን ያዝኩት። አረንጓዴ ነው፤ ምንም አይናገርም።

“ላዙረው?”

“ጠፍቶ ከሆነ ታበሪዋለሽ።”

“በርቶ ከሆነስ?”

“ተይው ሸዋዬ።”

እጄን አነሳሁ። እሳት ብነካ እንደዚያ አልደነግጥም። የዝምታው ነገር ነው የገደለኝ፤ ሲጮህ በርቷል፣ ዝም ሲል ጠፍቷል ያለው ሰውዬ አሁን ዝም ባለ ማሽን ሥር ተንበርክኮ መብራት ኃይል መቼ ትዝ እንደሚለው ይጠብቃል። ተናደድኩበት። ልጥለው፣ ልመታው፣ ላቅፈው ፈለግኩ፤ የቱን እንደምፈልግ አላውቅም።

ዲጂኖ አመጣሁ። ጫፉን ከገበታው ሥር ከትቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ብረቱ ትንሽ ተነሳ፣ ከዚያ ዲጂኖው ሸርተት አለና ተመልሶ ወደቀ። ደምመላሽ ጥርሱን ነክሶ ያወጣውን ድምፅ ስሰማ ሁለተኛ መሞከር አቃተኝ።

“ሽቦውን በመጥረቢያ ልቁረጠው?”

“እስከዚህ ድረስ በብረት ቱቦ ነው የመጣው። ራቁቱን ያለው ክንዴ አጠገብ ብቻ ነው። ስትቆርጪ ከመጣ ሁለታችንም አለቅን። መዘጋት ያለበት ወፍጮ ቤት ካለው ሣጥን ነው።”

ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ዙህራ ጋ ነው።

ወደ አጥሩ ሮጬ “ኡኡ!” አልኩ። ኡኡታ በእኛ ሰፈር ሰው ይሰበስባል፤ ያን ቀን ግን ወንዱ ሁሉ መስጊድ ነው። የመጣችው ሳቢሃ ብቻ ናት፤ ከኋላችን ተከራይታ የምትኖር፣ ልጇን ያዘለች ወጣት። የደምመላሽን ክንድ ስታይ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

“መስጊድ ሩጪ” አልኳት። “ወንዶች ጥሪ። ብረት የሚያነሳ ሰው ይምጣ።”

“እትዬ፣ ኹጥባ እየሰሙ ነው እኮ። ሴት ሆኜ እንዴት ገብቼ…”

“ከበር ሆነሽ ጩሂ! ሰው ሊሞት ነው በይ!”

ስትሮጥ አቆምኳትና ስልኳን ተቀበልኳት። ለምን እንደሆነ ያን ሰዓት እኔም በደንብ አላሰብኩበትም። መጀመሪያ በራሴ ስልክ ዙህራ ጋ ደወልኩ። ጠራ። ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ ተዘጋ። ስሜን እያየች እየዘጋችብኝ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ባሌ ፊት ስሰድባት እውል ነበር። ያን ቀን ግን የሳቢሃ ስልክ ትዝ አለኝና በእሱ ደወልኩላት።

“ሄሎ፣ ሳቢሃዬ?” አለች። ድምፅዋ እንዴት ለስላሳ ነው! ከመዝጋቷ ይልቅ ያ ድምፅ ለሌላ ሰው መሆኑ አመመኝ።

“እኔ ነኝ። ሸዋረገጥ ነኝ። በአላህ ይዤሻለሁ አትዝጊው!”

አልዘጋችውም።

“ደምመላሽ መጋዙ ውስጥ ገብቷል። ክንዱ መጋዙ ላይ ነው፣ ብረት ወድቆበታል። መብራት ሄዷል። ማሽኑ በርቶ ይሁን ጠፍቶ አናውቅም። ዙህራ፣ መብራቱ ከመጣ…” ልጨርሰው አልቻልኩም።

“ያ አላህ! ማል ታኤ? ምን ሆነ?” አለች፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም። “ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አጋሮ ነኝ፣ ዘመዴ ሩፈይዳ ወልዳ አራስ ልጠይቅ መጥቼ።”

ከአጋሮ ጅማ። በክንፍ ቢመጣ አይደርስም።

“ስበሪው” አለች።

“ምን?”

“በሩን ስበሪው እልሻለሁ! መጥረቢያ የለሽም? በቁልፉ በኩል አይሆንልሽም፣ ብረት ነው። በማጠፊያው በኩል ምቺው፣ እንጨቱ እዚያ ጋ በስብሷል። ስልኩን እንዳትዘጊ።”

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ በደረቴ ሻጥ አደረግኩትና መጥረቢያውን አነሳሁ። ደምመላሽ ሁሉንም ሰምቷል።

“ልሄድ ነው” አልኩት።

“ሂጂ።” ሁለት እርምጃ ስራመድ ጠራኝ። “ሸዋዬ፣ መብራቱ ከመጣ እንዳትመለሺ። ወንዶቹ ይምጡ። አንቺ እንዳታዪኝ።”

“አፍህን ዝጋ!” አልኩት። ከዚያ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም። ሰው ሊሰናበተው የማይፈልገውን ሰው የሚሰድበው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ደህና ሁን ካልኩት እሺ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ።

የወፍጮ ቤቱ በር ወፍራም የዋንዛ በር ነው። እንዳለችኝ በማጠፊያው በኩል መታሁት። መጥረቢያው ተመልሶ ሊመታኝ ነበር። ደግሜ መታሁ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮህ እንደሆነ፣ ከጓሯችን ያ ድምፅ ይነሳ እንደሆነ። ዝም ነው። እመታለሁ። “በርቺ” ትላለች ዙህራ ከደረቴ ሥር፤ “በርቺ፣ ዝቅ አድርገሽ ምቺው።” እንጨቱ መፈልፈል ጀመረ።

ከኋላዬ አንድ እጅ መጥረቢያውን አየር ላይ ያዘው።

ኡመይር ነው። ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ ከመስጊድ ሲሮጥ መጥቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ሳቢሃ ስትጮህ ሰው ሊሞት ነው ከማለት በቀር ምንም የሰማ የለም፤ እሱ መጥቶ ያገኘው የወንድሙን ወፍጮ ቤት በር በመጥረቢያ የምትሰብር ጎረቤት ነው።

“እትዬ ሸዋረገጥ! ምን እያደረጉ ነው? ጠባችሁ እዚህ ደረሰ?”

“ልቀቀኝ ኡመይር! ልቀቀኝ!”

“ወላሂ አልለቅም! የሟች በር ነው የሚሰብሩት!”

“ኡመይር!” አለ ደረቴ። “ዲሲ! ልቀቃት ብዬሃለሁ! መጥረቢያውን ተቀበላትና ራስህ ስበረው!”

የወንድሙ ሚስት ከእኔ ደረት ውስጥ ስትጮህበት ቀለሙ ተለወጠ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። መጥረቢያውን ነጥቆኝ ጀለቢያውን ሰብስቦ መታው። ከእሱ ኋላ ከመስጊድ የደረሱት ወንዶች እኔ ባመለከትኳቸው በኩል ወደ ጓሯችን ሮጡ። ኡመይር ሦስተኛውን ሲመታ በሩ በማጠፊያው በኩል ተላቆ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ እኔም በላዩ ላይ ተራምጄ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ዱቄት ዓይኔን ሞላው።

“በስተግራ፣ ከሚዛኑ በላይ” አለች ዙህራ። “ሣጥን አለ።”

“አገኘሁት።”

“ክፈቺው። ብዙ ናቸው፣ የእናንተ…”

ድምፅዋ ጠፋ። ስልኩን አወጣሁት፤ ኔትወርክ የለም። በሣጥኑ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ብሬከሮች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ወደ ላይ ናቸው። የትኛው የእኛ ነው? አልመረጥኩም። በሁለት እጄ እየጨመቅኩ ሁሉንም ወደ ታች አወረድኳቸው፤ አንዱ ጠንክሮብኝ ጥፍሬን ገነጠለው። ከዚያ መዳፌን በላያቸው ላይ ጭኜ ቆምኩ። ተመልሰው ራሳቸው የሚነሱ ይመስለኝ ነበር።

“ሂድ፣ ብረቱን አንሱለት” አልኩት ኡመይርን። “እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።”

ሮጠ። በአጥሩ ማዶ የወንዶቹን ድምፅ እሰማለሁ። “በዚህ ያዝ! ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ድንጋይ ከሥሩ!” ይላሉ። ከዚያ አንድ ላይ “ቢስሚላህ!” አሉ፤ በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ የልጆች ጩኸት ተነሳ።

“መጣ! መጣ! መጣ!”

መብራቱ መጣ። በመዳፌ ሥር ያለው ሣጥን ንዝረት የጀመረ መሰለኝ። በዚያው ደምመላሽ ጮኸ። እንደ ሰው አልጮኸም። እኔ የሰማሁት ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ከሥሩ የመጋዙ ድምፅ ይኑር አይኑር መለየት አቃተኝ። ልሂድ? እጄን ባነሳስ? ያወረድኩት የእሱ መስመር ባይሆንስ? “እመብርሃን፣ እመብርሃን፣ እመብርሃን” እላለሁ፤ ሌላ ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ።

ኡመይር በወደቀው በር በኩል ብቅ አለ። ነጭ ጀለቢያው ፊት ለፊቱ ደም ነው።

“እትዬ፣ ወጣ። አልሀምዱሊላህ፣ ክንዱ ሙሉ ነው። ሲያነሱት አሞት ነው የጮኸው። ይምጡ፣ እርስዎን ይጠራል።”

ዱቄቱ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ኡመይር ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት የወደቀውን በር ለማንሳት ይሞክራል።

ሆስፒታል ሁለቱም የክንዱ አጥንቶች ተሰብረዋል አሉን። የመጋዙ ጥርስ የነካው ቦታ ተሰፋ፣ ክንዱ ጀሶ ገባ። ጣቶቹን አንቀሳቅስ አሉት፤ አንቀሳቀሳቸው። በማግስቱ ጠዋት ቤት ገባን። ደምመላሽ ቤት ሲገባ የተመለሰው ክንዱ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም አብሮ ተመልሷል።

“አጥፍቼው ነበር እኮ” ይላል፣ ለጠያቂው ሁሉ። “አስቤ አስቤ ትዝ አለኝ። ማሽን ሥር ያረጀ ሰው መብራት ሲሄድ ማሽን ሳያጠፋ ይቀራል? በርቷል ብላ ያሳመነችኝ በድንጋጤ ነው። ሸዋረገጥ ደግሞ መጥረቢያ ካነሳች ማን ይመልሳታል?”

ጠያቂው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ጥፍሬ ይጠዘጥዘኛል።

ዙህራ ረፋድ ላይ ከአጋሮ ደረሰች። መጀመሪያ ወደ ወፍጮ ቤቷ አልገባችም፤ እኛ ጋ መጣች። የደምመላሽን ራስ ሳመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ስምሽን ሳይ ልትሰድቢኝ መስሎኝ ነው የዘጋሁት።”

“አንስተሽው ቢሆን ሳልሰድብሽ እቀር ነበር?” አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ኩርፊያው በዚያው አለቀ።

ደምመላሽ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። “ዙህራዬ፣ በርሽ በከንቱ ነው የተሰበረው” አላት። “ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። እኔ ብሆን በሩን አልሰብርም ነበር። በሩን የምትጠይቂያት ሸዋረገጥን ነው።”

“እሷን ምን አድርጊያት ትለኛለህ? ያዘዝኳት እኔ” አለች ዙህራ። “ወፍጮ ቤቴ ግን ያለ በር ማደር አይችልም፤ ትናንት ኡመይር ነው ደጃፉ ላይ ያደረው። የሰው እህል አለ። ነይ ሸዋዬ፣ ደንበኞቼ ቆመዋል፣ መብራቱን እናንሳ።”

ተያይዘን ሄድን። ኡመይር በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎት፣ እኛ ስንገባ ወደ ደምመላሽ ሄደ። ሣጥኑ ትናንት እንደተውኩት ክፍት ነው፤ ብሬከሮቹ ሁሉ ወደ ታች። አንዱ ላይ ደሜ ደርቋል።

“ያወረድሽው አንቺ፣ የምታነሺውም አንቺ” አለችኝ።

የወፍጮውን አሳየችኝ፤ አነሳሁት። ምንም የለም፤ ወፍጮው ራሱ ጠፍቷል። የአምፖሉን አነሳሁ፤ አምፖሉ በራ። የመጨረሻውን፣ ደም ያለበትን አነሳሁት።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር አቃሰተ። ከዚያ ድምፁ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለ፤ ያ የማውቀው ጩኸት። ዳሱ ሥር ማንም የለም። ገበታው ትናንት ወንዶቹ እንዳነሱት ወደ ኋላ ተገልብጦ ተከፍቷል። መጋዙ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው፣ ባዶውን እየዞረ ነው።

ዙህራ እጄን ያዘችኝ። ልታወርደው ነበር መሰለኝ፤ ግን አላወረደችውም። ሁለታችንም ቆመን ሰማነው። ያ ድምፅ ትናንት መብራቱ ሲመጣ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም፤ ጆሮዬ ሁሉንም አየው። ብሬከሩን መልሼ አወረድኩት። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ።

ስንመለስ ደምመላሽ ግቢው መሃል ቆሟል፤ በርጩማው ከኋላው ወድቋል። በግራ እጁ ጀሶውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ አቅፎታል። ኡመይር አጠገቡ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የባሌ ፊት አመድ መስሏል። እኔን ማየት አልቻለም፤ ዙህራን ነው ያየው።

“በሩን” አለ። “በሩን በዋንዛ ልሥራልሽ ወይስ በጽድ?”

“በምን እጅህ?” አለችው ዙህራ።

ቁልቁል ተመለከተ። ከጀሶው የወጡትን ያበጡ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሳቸው፤ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ እስከ ትንሿ።

“በዚህ” አለ። ከአደጋው ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሰው ያኔ ነው።